51 ጨዋታ ያሸነፈን አሰልጣኝ ማባረር፦ ሥራ ነው ወይስ ግፍ?

ጠባሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ከትናንት ጀምሮ በረዶ እያወረደው ነው። ሜዳው ጭቃ ሆኗል፣ ኳስ የለም። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን እንከራከር። (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ፣ ቀኑን በእኛ ነው የምጽፈው። በኋላ እንዳትነታረኩኝ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ኒውዮርክ ኒክስ በ2024-25ቱ የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ዓመት ከ82 ጨዋታ 51 አሸነፈ። በፕሌይኦፉ፣ ማለትም 4 ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት ጥሎ ማለፍ፣ የአምናውን ሻምፒዮን ቦስተንን 4 ለ 2 ሸኘ። ከ25 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የምሥራቅ ኮንፈረንስ ፍጻሜ (ከሊጉ ፍጻሜ አንድ ደረጃ በፊት ያለውን) ገባ። እዚያ በኢንዲያና 4 ለ 2 ተሸነፈ። በሦስተኛው ቀን፣ ግንቦት 26፣ አሰልጣኙን ቶም ቲቦዶን አባረረው።

እሱ ብቻ አይደለም። ሜምፊስ ቴይለር ጄንኪንስን 9 ጨዋታ ሲቀር አሰናበተ። ዴንቨር ማይክል ማሎንን 3 ጨዋታ ሲቀር አሰናበተ። ማሎን እኮ በ2023 ለዴንቨር የመጀመሪያውን የኤንቢኤ ዋንጫ ያመጣ ሰው ነው!

የእኔ አቋም፦ ግፍ ነው። አሰልጣኝ ኳስ አይወረውርም። ተጫዋቹን መንካት ስለሚከብዳቸው ነው እሱን የሚያባርሩት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። እናንተስ?

ሸዋ ሮቢት፦
እኛ ጋ ፀሐይ ነው፣ ለማወቅ ያህል።

አልስማማም ወንድሜ። ቲቦዶ በራሱ እጅ ነው የተባረረው። ቋሚ አምስቱን እስኪደክማቸው ያጫውታል፣ ተጠባባቂዎቹ ወንበር ላይ ይበርዳሉ። የኒክሶቹ ጆሽ ሃርትና ሚካል ብሪጅስ በሊጉ ብዙ ደቂቃ ከተጫወቱት ግንባር ቀደም ናቸው። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ብሪጅስ ራሱ ደቂቃው ይቀነስልን ብዬ አነጋግሬዋለሁ ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ቲቦዶ ምን አለ? እንዲህ ያለ ንግግር አልነበረም አለ። ተጫዋችና አሰልጣኝ በአደባባይ ሲካካዱ ቤቱ ፈርሷል።

ከኢንዲያናም ጋር ሁለት ጨዋታ በሜዳው ከተሸነፈ በኋላ ነው አሰላለፉን የቀየረው። በሦስተኛው ቀየረ፣ አሸነፈ። ታዲያ መጀመሪያ ምን ይጠብቅ ነበር?

ጠባሴ፦
የመጀመሪያውን ጨዋታ ባታስታውሰኝ ምን ነበረበት!

ለግንቦት 14 አጥቢያ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ጀመረ። ቤት ውስጥ ሁሉም ተኝቷል። ጋቢ ተከናንቤ ስልኬን ትራሱ ላይ አቁሜ ነው የማየው። ድምፁን አጥፍቼዋለሁ። ከ3 ደቂቃ ያነሰ ቀርቶ ኒክስ በ14 ነጥብ ይመራል። አለቀ ብዬ ተኛሁ ማለት ይቻላል፣ አንድ ዓይኔን ብቻ ከፍቼ። ከዚያ አሮን ኔስሚዝ የሚባል የኢንዲያና ሰው ባለ ሦስት ነጥብ ያዘንብ ጀመር። በአራተኛው ሩብ ብቻ 6 አስገባ።

መጨረሻ ላይ የኢንዲያናው ሃሊበርተን ወረወረ። ኳሷ የቀለበቱን ጀርባ መታችና ወደ ላይ ጎነች። በጣም ወደ ላይ። እኔም አብሬያት ተነሳሁ። ቀጥ ብላ ወርዳ ገባች። ሰውየው ባለ ሦስት መስሎት አሸነፍን ብሎ ጉሮሮውን ይዞ በደጋፊው ላይ ያሾፋል። ለካ እግሩ መስመሩን ረግጧል፣ ሁለት ነጥብ ነው፣ 125 እኩል። በተጨማሪ ሰዓት 138 ለ 135 ተሸነፍን። እናቴ ከመኝታዋ "ምን ሆነህ ነው?" አለችኝ። ምን ልበላት?

አሁን ንገረኝ፣ ኳሷ ወደ ላይ ስትነጥር ቲቦዶ ምን ያድርግ? ዘሎ ይያዛት?

ሸዋ ሮቢት፦
በ14 እየመራ 3 ደቂቃ የማይጨርስ ቡድን እግሩ የዛለ ቡድን ነው። ስለ ደቂቃ የምልህ እሱን ነው። አንተ ኳሷን ታያለህ፣ እኔ እግሮቹን።

የመንዝ ባና፦
አንተ ሮቢት ሆነህ እግር ታያለህ፣ እኛ እዚህ ብርድ ስለሆነ እግራችንን ራሱ ካየነው ቆይቷል።

እንሳሮ፦
እኔ የዴንቨር ደጋፊ ነኝ፣ ስለ ማሎን ልናገር። እወደው ነበር። 10 ዓመት አሰለጠነ፣ በክለቡ ታሪክ ብዙ ጨዋታ ያሸነፈ እሱ ነው። መጋቢት 30 ዜናውን ሳነብ የቀልድ ገጽ መስሎኝ ነበር።

ግን ጠባሴ አንድ ነገር ዘለልክ። ያን ቀን የተባረረው እሱ ብቻ አይደለም። የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ካልቪን ቡዝም አብሮ ሄደ። ሁለቱ ሲሳቡ ነው የከረሙት። አንዱ ወጣቶቹ ይሰለፉ ይላል፣ ሌላው ልምድ ያላቸውን ይመርጣል። ባለቤቶቹ ሁለቱንም ሸኟቸው። ይሄ ዳውላ መምታት አይደለም፣ ጭነቱን ማራገፍ ነው።

ውጤቱንም እዩት። ምክትሉ ዴቪድ አደልማን ተረከበ። የቀሩትን 3 ጨዋታዎች አሸነፈ። ክሊፐርስን 4 ለ 3 አሸንፎ አለፈ። ኋላ ሻምፒዮን የሆነውን ኦክላሆማ ሲቲንም እስከ ሰባተኛ ጨዋታ ታገለው። 68 ጨዋታ ያሸነፈውን ኦክላሆማ ነው የምላችሁ!

ጠባሴ፦
አሁን ትንሽ አስቸገርሽኝ። አስቤ እመለሳለሁ።

ጋሽ መምህር፦
ልጆች፣ ከተሰላፊነት እስከ ስፖርት መምህርነት ዕድሜዬን በዚህ ኳስ ነው የፈጀሁት፤ እኔም ልግባ።

ያን ጊዜ የምንጫወትበት ሜዳ አንድ ቀለበት ነበረው። መረብ የለውም፣ ብረቱ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። እንግዳ ቡድን ሲመጣ ወደዚያ ያዘነበለው ቀለበት ማስገባት ያቅተዋል፤ እኛ ግን ለምደነው ስለነበር ሳናይ እናስገባ ነበር። በዚያ ዓመት ጥሩ ሄድን። ውድድሩ ሊያልቅ ሦስት ጨዋታ ሲቀር ኃላፊዎቹ መጥተው አሰልጣኛችንን አነሱት። ምክንያቱን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። አዲሱ ሰው ጥሩ ሰው ነበር። ነገር ግን ኳስ ሲያቀብለን ስማችንን አያውቀውም፣ "አንተ ረጅሙ" ይለናል። አራት ረጅም ነበርን። ሦስቱንም ተሸነፍን።

ስለዚህ የዴንቨርን ዜና ስሰማ ሆዴ ነው የባባው። ሳን አንቶኒዮን ተመልከቱ። ግሬግ ፖፖቪች 29 የውድድር ዓመት በአንድ ወንበር ተቀመጠ። 1,422 ጨዋታ አሸነፈ፣ በሊጉ ታሪክ የሚስተካከለው የለም። 5 ዋንጫ አመጣ። ዘንድሮ ሚያዝያ 24 የለቀቀውም ታሞ በራሱ ፈቃድ ነው። ትዕግሥት ይህን ያፈራል።

የመንዝ ባና፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፖፖቪች እንዴት እንደገባ አልነገሩንም። በ1996 የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ነበር። አሰልጣኙ ቦብ ሂል 3 አሸንፎ 15 ሲሸነፍ አባረረውና ራሱ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። የትዕግሥት አባት የምንለው ሰው ሥራ የጀመረው ሰው በማባረር ነው! ከዚያ በዚያው ዓመት 17 አሸንፎ 47 ተሸነፈ። ማን ያባርረው? አለቃውም እሱ፣ አሰልጣኙም እሱ።

ጋሽ መምህር፦
አንተ ልጅ ከየት ነው የምታመጣው? እውነት ነው። ግን ራስህ መለስከው እኮ። 47 ተሸንፎ ማንም አልነካውም። በ1997 በአዳዲስ ተጫዋቾች ዕጣ ቲም ደንከንን አገኘ፣ ዋንጫዎቹ ከዚያ ወዲያ መጡ። ያን ዓመት ቢባረር ኖሮ ደንከንን ሌላ ሰው ነበር የሚያሰለጥነው።

ኦክላሆማንም ጨምርበት። ማርክ ዴግኖልት በመጀመሪያው ዓመት 22 አሸነፈ፣ በሁለተኛው 24። በ2021 በሜምፊስ በ73 ነጥብ ልዩነት ተሸነፈ፣ 152 ለ 79። በኤንቢኤ ታሪክ እንዲህ ያለ ልዩነት የለም። እኛ አገር ቢሆን ከሜዳው በየት በኩል ይወጣ ነበር? ክለቡ ዝም አለ። ከዚያ 40፣ ከዚያ 57፣ ዘንድሮ 68 አሸንፎ ለሰኔ 16 አጥቢያ ዋንጫውን አነሳ።

ሸዋ ሮቢት፦
ጋሼ አከብርዎታለሁ፣ ግን ኦክላሆማ መሸነፍን ራሱ ዕቅድ አድርጎ ነው የሠራው፤ ብዙ የተሸነፈ በዚያ ዕጣ የተሻለ ዕድል አለው። ወጣት ሰብስቦ ቁጭ አለ። ኒክስ ከ1973 እስከ 2025 ዋንጫ አላየም። ደጋፊው ሸምግሏል። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ቶሮንቶን ደግሞ አስታውሱ። ድዌን ኬሲ በ2018 59 ጨዋታ አሸነፈ። ተባረረ። ከተባረረ በኋላ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተብሎ ተሸለመ፣ ሌላ ቡድን ቀጥሮት ሳለ! ሁላችንም ግፍ አልን። ምክትሉ ኒክ ነርስ ተተካ፣ በ2019 ሻምፒዮን ሆነ። አለቀ።

ጠባሴ፦
አላለቀም! በዚያው ክረምት ካዋይ ሌናርድን አመጡ። የፍጻሜውም ኮከብ እሱ ነው። ካዋይን ለኬሲ ስጡትና እንነጋገር።

ሸዋ ሮቢት፦
ለኬሲ ሌብሮን በየዓመቱ ሲያሸንፈው ማን ምን ሊሰጠው ይችላል?

ጣርማ በር፦
ጉም ውስጥ ነበርኩ፣ ኔትወርክ አሁን መጣ። ማንም ያላነሳውን ልንገራችሁ። ክሊቭላንድ አምና ጄቢ ቢከርስታፍን አባረረ። 48 አሸንፎ ሁለተኛ ዙር የደረሰ ሰው ነው። በምትኩ ኬኒ አትኪንሰን ገባ፣ 64 አሸነፈ፣ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ሆነ። የተባረረው ቢከርስታፍስ? ዲትሮይት ወሰደው። ዲትሮይት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 14 ብቻ ነበር ያሸነፈ፣ በተከታታይ 28 ጊዜ ተሸንፎ መሳቂያ ሆኖ ነበር። ቢከርስታፍ መጥቶ 44 አሸነፈ።

ተፋትተው ሁለቱም ደህና ትዳር ያገኙ ባልና ሚስት ማለት ናቸው። ማን ተበደለ?

ጠባሴ፦
ክሊቭላንድ ዘንድሮስ የት ደረሰ? ሁለተኛ ዙር። 4 ለ 1 በኢንዲያና። 16 ተጨማሪ ድል፣ ያው ቦታ።

ዲትሮይት ደግሞ ለቢከርስታፍ ቦታ የተገኘው ሞንቲ ዊሊያምስን በአንድ ዓመት አባርረው ነው። የ6 ዓመት ውል፣ 78.5 ሚሊዮን ዶላር! ሰውየው ቤቱ ተቀምጦ ይከፈለዋል። ግፍ ያልኩትን እዚህ ላይ ላሻሽለው፣ ለሞንቲ አላለቅስም።

እንሳሮ፦
ይሄውልህ፣ ገንዘቡን አነሳህ። ምክንያቱም እዚያው ውስጥ ነው። በኤንቢኤ የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ አለው። የአሰልጣኝ ደመወዝ ግን ጣሪያው ውስጥ አይቆጠርም። 78 ሚሊዮን ለሌለ አሰልጣኝ ብትከፍል ኪስህን እንጂ ቡድንህን አይጎዳም። ተጫዋች ግን ውሉ ዋስትና ያለው ነው፣ ብትሸኘውም ክፍያው ጣሪያህ ላይ ይቆጠራል። ከ2023ቱ ስምምነት ወዲህ ደግሞ ባሰበት። የተጫዋች ወጪህ ሊጉ ከጣሪያው በላይ ያስቀመጠውን ሁለተኛ ገደብ ካለፈ የሁለት ተጫዋች ደመወዝ ደምረህ አንድ ኮከብ መቀየር ራሱ አይፈቀድልህም። እና ባለቤቱ ምን ይንካ? የሚነካው አንድ ወንበር ብቻ ነው የቀረለት።

ጠባሴ፦
እንሳሮ፣ ከእኔ ጋር ነሽ ከእሱ ጋር? ይሄ የእኔ ዳውላ እኮ ነው፣ በቁጥር አስረዳሽልኝ!

እንሳሮ፦
ለምን እንደሚያደርጉት ነው የነገርኩህ። ልክ ነው አላልኩም፣ ስህተት ነውም አላልኩም። ዴንቨር ላይ ልክ ነው። ፊኒክስ ላይ እብደት ነው።

ጋሽ መምህር፦
ፊኒክስ! እሱን ለማንሳት ስፈልግ ነበር። ሞንቲን በ2023 አባረሩት፣ ያው ኋላ ዲትሮይት የሄደው ነው። ፍራንክ ቮግልን አመጡ፣ በ2020 ከሌከርስ ጋር ዋንጫ የበላ። 49 አሸነፈ፣ ተባረረ። ማይክ ቡደንሆልዘርን አመጡ፣ በ2021 ከሚልዋኪ ጋር ዋንጫ የበላ። 36 አሸነፈ፣ ተባረረ። አሁን ጆርዳን ኦት ተሹሟል። በአራት ዓመት አራተኛው ሰው ነው። ዋንጫ ያነሱ ሁለት ሰዎች ያልቻሉትን ቡድን፣ ችግሩ አሰልጣኝ ነው የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

የመንዝ ባና፦
እጄ ጋቢ ውስጥ ነው ጋሼ፣ ማውጣት አልችልም።

ሸዋ ሮቢት፦
ፊኒክስን እኔም አልከራከርለትም። ግን ኒክስ ፊኒክስ አይደለም። ቲቦዶ 5 ዓመት ተሰጠው። ያለው አቅም ያ ነው ብለው ወሰኑ። እኔም ብሆን እወስናለሁ።

ጠባሴ፦
ወስነውስ ማንን አዘጋጅተው ነበር? ማንንም! ውል ያላቸውን የሌሎች ቡድኖች አሰልጣኞች እናነጋግር ብለው ፈቃድ ጠየቁ፣ ተከለከሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ወር ሲሞላ ማይክ ብራውንን አመጡ። ብራውን ማነው? በ2023 የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተብሎ በ2024 ታኅሣሥ ላይ ሳክራሜንቶ ያባረረው። አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሳል፣ ወንበሩ ይዞራል፣ ሰዎቹ ያው ናቸው።

እሺ፣ የማሎንን ነገር ለእንሳሮ ለቅቄያለሁ። አሸንፋኛለች። ቲቦዶን ግን አልለቅም።

ጋሽ መምህር፦
ብራውን ጥፋቱ ምንድን ነው ልጄ? እሱም ተገፍቶ የመጣ ነው። ለእሱስ ስንት ዓመት ትሰጠዋለህ?

ጠባሴ፦
ጋሼ... አንድ።

ጋሽ መምህር፦
አየህ!

ሸዋ ሮቢት፦
ሃሃሃ ተያዘ! በል እንወራረድ። በሚመጣው ዓመት ኒክስ የሊጉ ፍጻሜ ከገባ ምን ታመጣለህ?

ጠባሴ፦
የመንዝ ባና፣ ወፍራሙን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ እስከ ሮቢት ድረስ ይዤ እወርዳለሁ። ካልገባ አንተ አንድ ኩንታል ሽንኩርት ይዘህ ትወጣለህ።

ሸዋ ሮቢት፦
ሮቢት ላይ ባና ምን ያደርግልኛል?