መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅ ባቡር እየተመላለሱ ሥራ በሰዓቱ መግባት እንዴት ይቻላል?

ጠያቂ፦ የማለዳ ተሳፋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። በትልቅ ከተማ ውስጥ በየቀኑ በሕዝብ ባቡር የምትመላለሱ ሰዎች እንድትመክሩኝ እፈልጋለሁ። ነገሩ ከአቅሜ በላይ ሆኖብኛል።

የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የቀን ፈረቃዬ የሚጀምረው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። የሌሊቷ ተረኛ እኔ ሳልገባ መሄድ አትችልም፤ ከድንገተኛ ክፍል የደም ናሙና በማንኛውም ደቂቃ ሊመጣ ይችላልና። ቤቷ ውስጥ ትንሽ ልጅ አላት፤ ባሏ ለሥራ የሚወጣው እሷ ስትደርስለት ነው። ስለዚህ የእኔ ባቡር ሲቀር ሦስት ሰው ከሥራና ከእረፍት ይስተጓጎላል። አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ስገባ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ቆማ አገኛታለሁ፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በጊዜ ሰሌዳው መሠረት ባቡሩ በየ10 ደቂቃው ይመጣል፤ ጉዞው 35 ደቂቃ ነው። ከቤት እስከ ጣቢያ 8 ደቂቃ፣ ከጣቢያ እስከ ሆስፒታል 5 ደቂቃ በእግር እሄዳለሁ። ለስድስት ሳምንታት፣ በ30 የሥራ ቀናት፣ የሆነውን ሁሉ በትንሽ ደብተር መዝግቤአለሁ። አንዳንድ ቀን መሳፈሪያው ላይ ገና ስደርስ ይመጣል። አንዳንድ ቀን ከ20 ደቂቃ በላይ እጠብቅና ሁለት ባቡሮች ተከታትለው ይደርሳሉ፤ የመጀመሪያው እግር ማሳረፊያ የለውም፣ የሁለተኛው ወንበሮች ግን ባዶ ናቸው። ሦስት ጊዜ ደግሞ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ቆመን ቀርተናል። በአንደኛው ቀን አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት ለሕክምና ቀጠሮ ስምንት ሳምንት ጠብቀው ነበር፤ ሰዓታቸውን እያዩ ዝም ብለው እንባቸው ወረደ። በድምፅ ማጉያ የሰማነው «በቴክኒክ ችግር ምክንያት» የሚለውን ብቻ ነው።

ባቡሩ ሁልጊዜ 20 ደቂቃ የሚዘገይ ቢሆን ኖሮ 20 ደቂቃ ቀድሜ ወጥቼ በሰላም እኖር ነበር። የሚያደክመኝ አለማወቁ ነው። ዛሬ በጣም ቀድሜ ደርሼ ኮሪደር ላይ እቀመጣለሁ፤ ነገ በዚያው ሰዓት ወጥቼ እዘገያለሁ።

ስንት ደቂቃ ቀድሜ ልውጣ? ባቡሮቹ ለምን ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመጣሉ? ኃላፊዬስ «ሁልጊዜ ምክንያትሽ ባቡር ነው» ሲለኝ ምን ላሳየው?

መልስ፦ የቀድሞ የባቡር ተቆጣጣሪ

እህቴ፣ ብዙ ዓመት በመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ስለ ጥንዶቹ እኔ ልንገርሽ።

አንድ ባቡር በር አልዘጋ ብሎት ሁለት ደቂቃ ዘገየ እንበል። በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ በቀጣዩ ጣቢያ ተጨማሪ ሰው ይሰበሰባል። ያን ሁሉ ሰው ለማሳፈር ረዘም ላለ ጊዜ ይቆማል፤ ስለዚህ ከዚያ በሚቀጥለው ጣቢያ ደግሞ የበለጠ ሰው ይጠብቀዋል። ከኋላው ያለው ባቡር ግን የሚያነሳው ሰው ስለሌለ እየፈጠነ ይደርስበታል። የመጀመሪያው የሁለቱንም ተሳፋሪ ተሸክሞ፣ ሁለተኛው ባዶውን ይሄዳሉ። ስለዚህ ሁለተኛው ከኋላ መሆኑን ካረጋገጥሽ የመጀመሪያውን አሳልፊው። የምታጪው አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ነው፤ ተቀምጠሽም ትሄጃለሽ።

በሁለት ጣቢያዎች መካከል መቆሙ ብዙ ጊዜ ከሲግናል፣ ማለትም ነጂውን «እለፍ» ወይም «ቁም» ከሚለው የሐዲድ ዳር መብራት ጋር የተያያዘ ነው። በብዙ መስመሮች ላይ ሐዲዱ በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ ደካማ ኤሌክትሪክ ይተላለፍበታል፤ ባቡር ሲገባበት ጎማው ኤሌክትሪኩን ስለሚያገናኘው ሲግናሉ ቀይ ይሆናል። ሐዲድ ቢሰበር ወይም ገመድ ቢቆረጥም እንዲሁ ቀይ ይበራል። ሆን ተብሎ የተሠራው እንደዚያ ነው፤ ሲበላሽ ወደ ደኅንነት እንዲያዘነብል። ከዚያ በኋላ ባቡሮች በፈቃድ አንድ በአንድ እያዘገሙ ስለሚያልፉ መስመሩ በሙሉ ይታፈናል። መሣሪያው ሲያረጅ ይህ ይደጋገማል። እ.ኤ.አ. በ2017 የኒውዮርክ ግዛት አስተዳዳሪ በከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያውጁ፣ በ1930ዎቹ የተተከሉ የሲግናል መሣሪያዎች ገና በሥራ ላይ ነበሩ። በአንጻሩ የለንደኑ የቪክቶሪያ መስመር መሣሪያው ከታደሰ በኋላ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት በየ100 ሰከንዱ ባቡር ያሳልፋል።

ለተሳፋሪ አለመናገር ግን የቴክኒክ ችግር አይደለም። ተቆጣጣሪው ከነጂዎችና ከጥገና ሠራተኞች ጋር በሬዲዮ ተጠምዷል፤ ለሕዝቡ እንዲናገር የተመደበ ሰው የለም። ማስታወቂያው ሲመጣም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። በእኔ ጊዜም እንዲህ በድለናችኋል፤ ይህን ሳስብ ዛሬም አዝናለሁ።

መልስ፦ የሒሳብ መምህር

የወንድማችንን ማብራሪያ በቁጥር ላስደግፈው። ባቡሮቹ በየ10 ደቂቃው እኩል ተራርቀው ቢመጡ በአማካይ የምትጠብቂው 5 ደቂቃ ነው። አንዱ ክፍተት 2፣ ቀጣዩ 18 ደቂቃ እየሆነ ቢፈራረቅስ? በሰዓት የሚያልፉት ባቡሮች ያው 6 ናቸው፤ በሪፖርት ላይ «በአማካይ በየ10 ደቂቃው» ተብሎ ቢጻፍ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ከ20ው ደቂቃ 18ቱ የረጅሙ ክፍተት ስለሆኑ፣ ከ10 ቀን 9ኙን የምትደርሺው በዚያ ውስጥ ነው። ሲሰላ አማካይ ጥበቃሽ 8.2 ደቂቃ ይሆናል። «ሁልጊዜ እኔ ስመጣ ነው የሚቀረው» የሚል ሰው ስሜቱ አላታለለውም።

ስለ መውጫ ሰዓትሽ አማካዩን ተዪው፤ ሥራ የሚያስረፍድሽ መጥፎው ቀን ነውና። የ30ውን ቀን ጉዞ ከቤትሽ በር እስከ ላቦራቶሪው በር ቆጥረሽ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ደርድሪና 27ኛውን ቁጥር ያዢ። ያን ያህል ቀድመሽ ብትወጪ ከ10 ቀን 9ኙን በሰዓቱ ትገቢያለሽ።

መልስ፦ ዝም የማይል ተሳፋሪ

ምክሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሸክሙ ሁሉ በእሷ ላይ መውደቁ አናደደኝ። ማልዶ የሚነሳው፣ ይቅርታ የሚጠይቀው፣ ሒሳብ የሚሠራው ትኬት ከፍሎ የሚሳፈረው ሰው ብቻ ለምን ይሆናል? በጃፓን ባቡር ሲዘገይ ድርጅቱ ራሱ የመዘግየት ማረጋገጫ ወረቀት ይሰጣል፤ ሠራተኛው ለአሠሪው፣ ተማሪው ለትምህርት ቤቱ ያሳየዋል። በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር መዘግየቱ በድርጅቱ ጥፋት ሆኖ 15 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከሆነ ተሳፋሪው የከፈለው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ወረቀት የማይሰጥሽ ከሆነ የጣቢያውን የሰዓት ሰሌዳ ፎቶ አንሺ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የጣቢያውን ስም ጽፈሽ ለድርጅቱ አቤቱታ አስገቢ፤ ቅጂውን ለኃላፊሽ ስጪ። ደብተርሽ ማስረጃ ነው፤ አትደብቂው።

ጠያቂ፦ የማለዳ ተሳፋሪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደረደርኩት፤ 27ኛው ቁጥር 82 ደቂቃ ሆነ። በጊዜ ሰሌዳው ቢሆን ረጅሙ ጉዞዬ 58 ደቂቃ ነበር። በየማለዳው 24 ደቂቃ እንቅልፍ ማለት ነው፤ ቁጥሩን ሳየው ተናደድኩ፤ አቤቱታውንም በዚያው ማታ ጻፍኩ። መልስ ገና አላገኘሁም።

ኃላፊዬ ደብተሩን ገጽ በገጽ አገላብጦ አየና «ይህን ለምን ቀደም ብለሽ አላሳየሽኝም?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ምክንያት አንስቶብኝ አያውቅም። ከሌሊቷ ተረኛ ጋር ደግሞ ተስማማን፤ ልክ ስሳፈር «ተሳፍሬአለሁ» ብዬ እልክላታለሁ። እስከ 12 ሰዓት ከ45 መልእክቴ ካልደረሳት ለባሏ ደውላ ጎረቤት ልጁን እንድትይዝላቸው ይጠይቃሉ። እኔ ከባቡር ድርጅቱ ማግኘት ያልቻልኩትን ያን አንድ ቃል እሷ ከእኔ እንድታገኝ ፈለግኩ።

ዛሬ ከቤት የወጣሁት 12 ሰዓት ከ5 ላይ ነበር። 17 ደቂቃ ጠብቄ ሁለቱ ተከታትለው መጡ። ተቆጣጣሪው ጋሼ እንደመከሩኝ የመጀመሪያውን አሳለፍኩት፤ በሁለተኛው ተቀምጬ መልእክቴን ላክሁ። 1 ሰዓት ከ12 ስገባ ባልደረባዬ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ ትሠራ ነበር፤ ቦርሳዋም ገና ጠረጴዛው ሥር ነው።