ለመንገድ ቁፋሮ ፈቃድ ቦንድ ከየት ልግዛ? ካሊፎርኒያ ላላችሁ ኮንትራክተሮች ጥቆማ

ከሁለት ሳምንት በፊት ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ቡና ስንጠጣ አንድ ወንድማችን ተጨንቆ መጣ። የኮንክሪት ላይሰንሱን ያወጣው በቅርብ ነው። ለደንበኛ ድራይቭዌይ ሊሠራ ፈቃድ ሲጠይቅ ሲቲው (የከተማው አስተዳደር) «ቦንድ አምጣ» አለው፤ የዋስትና ወረቀት ማለት ነው። «እኔ እኮ ለላይሰንሱ ቦንድ ገዝቻለሁ» ይላል። ይሄ ጥያቄ ብዙ ሰው ጋ ስላለ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

የላይሰንሱ ቦንድ ሌላ ነው። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ 25,000 ዶላር ሆኗል፤ የቆመውም ለደንበኛውና ለሠራተኛው ነው። የሲቲው ቦንድ ግን ለሲቲው ነው። የእግረኛ መንገዱን ሰብራችሁ ሳትመልሱት ብትሄዱ የሚያስጠግንበት ገንዘብ ማለት ነው። መጠኑን እያንዳንዱ ሲቲና ካውንቲ ራሱ ይወስናል። ሥራው የስቴት አውራ ጎዳና ላይ ከሆነ ፈቃዱ የሚወጣው ከካልትራንስ፣ ማለትም ከስቴቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው።

ደግሞ ቦንድ ኢንሹራንስ አይደለም። አገር ቤት የምናውቀው ዋስ ነው። ዋሱ ለሲቲው ከከፈለ ዞሮ እናንተን ይጠይቃል። ይሄ የምትፈርሙት ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ እባካችሁ አንብቡት። ጠቀም ላለ ቦንድ ብዙ ጊዜ የትዳር ጓደኛም እንዲፈርም ይጠየቃል። እኔና ባለቤቴ ከመፈረማችን በፊት አንድ ምሽት ቁጭ ብለን አንቀጽ በአንቀጽ አይተነዋል።

ወደ ገበያው ልምጣ። ኦንላይን የሚሸጡት ፈጣኖች ናቸው። ክሬዲቱ ደህና ለሆነ ሰው የ5,000 ወይም የ10,000 ዶላር ቦንድ ለዓመት 100 ዶላር አካባቢ ነው። ካርድ ታስገባላችሁ፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ኢሜይላችሁ ላይ ይመጣል። ክሬዲቱ የተጎዳ ግን ብዙ እጥፍ ሊጠየቅ ይችላል።

እኔም አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ገዝቼ፣ ፕሪንት አድርጌ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገችና በእስክሪብቶዋ ሦስት ቦታ ነካ ነካ አደረገች። ፎርሙ የሲቲው አይደለም። የኖተሪ (የፊርማ ማረጋገጫ) ገጽ የለውም። የድርጅቴ ስምም ላይሰንሱ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤልኤልሲ» ቀርታለች። ሻጮቹ ጋ ብደውል የሚያነሳ ሰው የለም። እስኪስተካከል አሥር ቀን ሄደ። ግቢ ውስጥ ያለውን የድራይቭዌዩን ክፍል አስቀድሜ አፍርሼው ስለነበር ደንበኛዬ፣ አንዲት ትልቅ እናት፣ መኪናቸውን መንገድ ላይ ሲያቆሙ ሁለት ጊዜ ተቀጡ። ቅጣቱን እኔ ከፈልኩ። እስካሁን ሳስበው ይከነክነኛል።

ስለዚህ የኔ ምርጫ እዚሁ አካባቢ ያለ፣ ሥራው ቦንድ ብቻ የሆነ ብሮከር ነው። የሲቲውን ፎርም ትልኩለታላችሁ፤ እዚያው ላይ ይሞላል፣ ኖተሪውንና ፈራሚው ዋስ ሰጪውን ኩባንያ እንደሚወክል የሚያሳየውን የውክልና ገጽ አያይዞ ኦርጅናሉን ይሰጣችኋል። ዋጋው ብዙም አይለይም፤ ተመኑን የሚያወጣው ዋስ ሰጪው ኩባንያ ነው። አንዳንዱ ብሮከር ግን የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል፤ ቀድማችሁ ጠይቁ። ከየትኛው ኩባንያ እንደሚያመጣም ጠይቁ። ትራቨለርስ፣ ሊበርቲ ሙቹዋል፣ ሲኤንኤ፣ መርቻንትስ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ሰምታችሁት የማታውቁት ስም ከሆነ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፈቃድ እንዳለው የስቴቱ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ።

የመኪናና የቤት ኢንሹራንስ የሚሸጥላችሁ ሰው ለላያቢሊቲው (በሰው ወይም በንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት ለሚከፍለው ኢንሹራንስ) ይጠቅማችኋል፤ ሲቲው እሱንም ይጠይቃል። ቦንድ ግን የዕለት ሥራው ካልሆነ አትጫኑት።

ጥሬ ገንዘብ ማስያዝ የሚፈቅዱ ሲቲዎችም አሉ። ክሬዲት አይታይም። ግን ገንዘቡ ኢንስፔክተሩ አይቶ እስኪያልፈው፣ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት፣ እዚያው ይቀመጣል። ለጀማሪ ይሄ የኮንክሪትና የሠራተኛ ገንዘብ ነው። ክሬዲቱ በሩን ለዘጋበት ሰው ካልሆነ አልመክርም።

የመንግሥት ጨረታ ውስጥ መግባት ለምታስቡ ደግሞ ኤስቢኤ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለዋስ ሰጪው ዋስ የሚሆንበት ፕሮግራም አለ። የሚያገለግለው ለትልልቅ የሥራ ውሎች ነው። ከኮንትራቱ 0.6 በመቶ ያስከፍላል። እስከ 500,000 ዶላር ላለ ሥራ ወረቀቱ ቀለል ያለ ነው። ቦንድ የለኝም ብላችሁ ጨረታ አትለፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሥራው ሲያልቅ ከሲቲው የመልቀቂያ ደብዳቤ ተቀበሉና ለብሮከሩ ላኩት። ቦንዱ ካልተለቀቀ የክፍያ ቢል በየዓመቱ ይመጣል።

ወንድማችን ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ሲቲው ጋ ሄዶ ፎርሙን ያዘ፣ ከዚያ ነው ለብሮከሩ የደወለው። ሐሙስ ፈቃዱን በእጁ ይዞ ደወለልኝ። «811 ደውለሃል?» አልኩት። እዚያ ሲደወል የጋዝና የመብራት መስመሩ ባለቤቶች እንዲያውቁት ይደረጋል፣ በነጻም መጥተው ምልክት ያደርጋሉ፤ ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን ቀድሞ መደወል ያስፈልጋል። ደውሏል። ማክሰኞ ይቆፍራል።