ሊኑክስን ቤት ለመጠቀም የግድ የሲስተም ባለሙያ ያስፈልጋል?

መምህርት ከአዳማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ ቆየት ያለ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ። ያለው ዊንዶውስ 10 ነው፤ የእሱ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ዊንዶውስ 11ን አልቀበልም አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ "በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ጫኚበት" አለችኝ። ወንድሜ ግን "እሱ የዩኒክስ፣ የድሮው የኮምፒውተር ሲስተም ዘር ነው፤ አድሚን (ሲስተሙን የሚያስተዳድር ባለሙያ) በሌለበት ቤት አትሞክሪው" ይላል። ፈተና የማወጣበት፣ ልጆቼም የሚማሩበት ስለሆነ ፈራሁ። ማንን ልስማ?

የድሮ አድሚን፦
እህቴ፣ ወንድምሽ ያለው በጊዜው ልክ ነበር። ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል ውስጥ ሲጀመር ለቤት አልታሰበም። አንዱን ማሽን ብዙ ሰው ነበር የሚጋራው። ስለዚህ አካውንት የሚከፍት፣ ዲስኩ እንዳይሞላ የሚከታተል፣ በቴፕ ባካፕ የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር። ሊኑክስ በ1991 ሲመጣም ያ ሥራ አብሮት ቤት ገባ። እኔ በ90ዎቹ መጨረሻ ስጭን የሞኒተሩን ፍሪኩዌንሲ ፋይል ውስጥ በእጄ ነው የጻፍኩት። ቁጥሩ ከተሳሳተ ሞኒተሩ ሊበላሽ ይችል ነበር። መብራት ድንገት ከጠፋ ደግሞ ዲስኩ ተፈትሾ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው፤ አንዳንዴም እያንዳንዱን ስህተት "አዎ፣ ጠግን" እያሉ ማለፍ።

ዛሬ ስክሪኑን ራሱ ያውቀዋል። ፋይሎችን ዲስኩ ላይ የሚያደራጀው የፋይል ሲስተምም የሚሠራውን አስቀድሞ ስለሚመዘግብ፣ መብራት ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይነሳል። ስልክሽ አንድሮይድ ከሆነ ደግሞ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ሊኑክስ ነው። በየቀኑ እየተጠቀምሽበት ነው ማለት ነው።

ሁለት ዓመት የተጠቀመች፦
እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ለ4 ጊጋ ከሊኑክስ ዓይነቶች ሊኑክስ ሚንትን፣ በተለይ ቀለል ያለውን የኤክስኤፍሲኢ ዴስክቶፕ ውሰጂ። መጀመሪያ በፍላሽ አስነሺውና ሳትጭኚው ሞክሪው። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ፕሪንተሩ ይሠራሉ? የኔ ዋይፋይ እምቢ ብሎ ነበር። ስልኬን በኬብል ሰክቼ ኢንተርኔት ሰጠሁትና ድራይቨሩን (ዋይፋዩን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ራሱ ፈልጎ አመጣ።

አማርኛ ለመጻፍ አይባስ ኤም17ኤን የሚባለውን ጫኚ። እንደ ስልክ በላቲን ፊደል ድምፁን ስትጽፊ ወደ ፊደል ይቀይረዋል። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። የድሮ ፈተናዎችሽ በዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም በሚጠቀምበት የፊደል ኮድ) ካልተጻፉ፣ በጥንቱ የግዕዝ ፎንት ከሆኑ፣ ስትከፍቻቸው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው የሚታይሽ። አትደንግጪ፣ አልጠፉም። ከዊንዶውሱ የፎንት ፋይሎቹን ቀድተሽ እዚህ ጫኛቸው። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ቀን አልቅሻለሁ።

ጥገና ቤት፦
በሁለቱም እስማማለሁ፤ ግን አድሚንነቱ ጨርሶ አልቀረም። አሁን አድሚኗ አንቺ ነሽ። ሥራው ትንሽ ነው፣ ግን ሰው ይፈልጋል። አፕዴት ሲመጣ ጫኚ፤ መጠኑን ቀድሞ ስለሚያሳይ በሞባይል ዳታ ከሆንሽ አይተሽ ወስኚ። ለልጆቹ የራሳቸው አካውንት ይኑራቸው፣ የአድሚን ፓስዎርዱን አትስጫቸው። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሽውን በ"ሱዶ" ("በአድሚን ሥልጣን ሥራ" በሚለው ቃል) የሚጀምር ትእዛዝ ምን እንደሚሠራ ሳታውቂ አትለጥፊ። ሱቄ ከሚመጡት የተበላሹ ሊኑክሶች ብዙዎቹ በዚህ የተነካኩ ናቸው።

ታይምሺፍት የሚባለውን አብሪው፣ አፕዴት ካበላሸ ወደ ትናንት ይመልስሻል። እሱ ግን የሚያስቀምጠው ሲስተሙን ነው። ፈተናና ፎቶ ለብቻው በውጭ ዲስክ መያዝ አለበት። ባለሙያ የምትፈልጊው ማሽኑን ከውጭ ሰው የሚገባበት ሰርቨር ካደረግሽው ነው።

መምህርት ከአዳማ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ በፍላሽ አስነሳሁት። ዋይፋዩም ድምፁም ሠራ፣ ፕሪንተሩን ገና አልሞከርኩም። የ2009 ፈተናዬ እንደተባለው ዝብርቅርቅ ብሎ ነው የተከፈተው፤ ባትነግሩኝ ኖሮ ያኔውኑ እተወው ነበር። ፎንቶቹን ቀድቻለሁ። ፋይሎቼን ሳልገለብጥ ግን አልጭንም፣ ቅዳሜ ዲስክ ልገዛ ነው። 500 ጊጋ ይበቃኛል?

ጥገና ቤት፦
ለፈተናና ለቤተሰብ ፎቶ በደንብ ይበቃል። ገልብጠሽ ስትጨርሺ ሁለት ሦስቱን ፋይል ከዲስኩ ላይ ከፍተሽ እዪ፣ ከዚያ ጫኚ።