የማህፀን በር ቢልሃርዚያ (ከወንዝና ከሐይቅ ውሃ የሚይዝ የትል በሽታ) ይሆን? እስቲ አግዙኝ
ሰላም ባለሙያዎች፣ አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ግራ ገብቶኝ ነው። አንዲት እናት ከግንኙነት በኋላ ይደማኛል ብላ መጣች፣ የአባላዘር መድኃኒት ሁለቴ ወስዳ ለውጥ የለም (በዚሁ ሰበብ ከባሏም ተጣልታለች)፣ ልጅነቷን ወንዝ ስትዋኝ ነው ያደገችው። በስፔኩለም (የማህፀን በር ማሳያ መሣሪያ) ሳያት የማህፀን በሯ ላይ አሸዋ የተነሰነሰ የሚመስል ቢጫማ ነገር አለ። ሽንቷን እኩለ ቀን ላይ ተቀብለን በማይክሮስኮፕ አየነው፣ የትሉ እንቁላል የለም፣ ግን ሽንት ኔጌቲቭ ሆነ ማለት ነፃ ናት ማለት አይደለም፣ እንቁላሉ እኮ ቲሹ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ኮልፖስኮፕ (የማህፀን በርን አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ) የለንም፣ ፒሲአር (የትሉን ዘረመል የሚፈልግ የላብራቶሪ ምርመራ) ማ አይታሰብም። የቢልሃርዚያ መድኃኒቱን ፕራዚኳንቴል 40 ሚሊግራም በኪሎ ልስጣት ወይስ መጀመሪያ ለካንሰር ምርመራ ሪፈር ልጻፍላት? ቁስሉ ከመድኃኒቱ በኋላም ሊቆይ ይችላል፣ ታዲያ መቼ ደግሜ ልያት? ለባሏስ ምን ብዬ ላስረዳው?