የድንጋይ ውድድሩ ዳኝነት ግራ አጋብቶኛል፤ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ምሥራቅ ጎጃም የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የ6 ትምህርት ቤት ቡድኖችን በድንጋይ መለየት ላወዳድር ተነስቼ መሃል ላይ ቆሜያለሁ።

ናሙናውን የሰበሰብኩት ራሴ ነኝ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ጂፕሰም ተደራርቦ ይታያል። ጂፕሰሙ በጥፍር ይጫራል፤ ኖራው አሲድ ጠብ ሲልበት አረፋ ይደፍቃል። ቀላል መስሎኝ ነበር።

በሙከራው ዕለት ግን ቁጥር 4፣ ያ ባዛልት፣ አረፋ አወጣ! አንዱ ቡድን «ኖራ ድንጋይ» ብሎ ጻፈ፤ ዜሮ ስሰጣቸው አኮረፉ። ማታ በማጉያ መነጽር ባየው ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ነጭ ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን፤ በአሲድ አረፋ የሚያወጣው እሱ ነው) ሞልቷቸዋል። (ሁሉንም በአንድ ማዳበሪያ ማጨቄም ሳያባብሰው አልቀረም፤ የኖራ ብናኝ ነክቶታል።) ልጆቹ ያዩትን ነው የጻፉት፤ መልሱ ግን ስህተት ነው።

ለምልከታው ግማሽ ነጥብ ልስጥ ወይስ ጥያቄውን ልሰርዘው? ደግሞስ ያለኝ አንድ ስብስብ ናሙና ብቻ ነው፤ ስድስቱ ቡድኖች ሳይኮራረጁ እንዴት ላዟዙረው? እንዲህ ያለ ነገር ያወዳደራችሁ ካላችሁ ቶሎ በሉልኝ፤ ዋናው ውድድር የፊታችን ቅዳሜ ነው።