ኩበት የሚያነድ ቤተሰብ አሻራው እንዴት ይለካል?

ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ደብረ ብርሃን አካባቢ የ24 አባወራዎችን ሥነ ምህዳራዊ አሻራ፣ ማለትም ኑሯቸው የሚጠይቀውን የመሬት ስፋት፣ እየለካሁ ነው። በእጄ የአንድ ዓመት መረጃ አለ፦ የገብስና የባቄላ ምርት፣ የበግና የከብት ብዛት፣ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ፣ በየሳምንቱ እየሄድኩ የመዘንኩት ኩበት።

መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ያለ ማስሊያ ሞከርኩ። ስለ መኪናና አውሮፕላን ይጠይቃል፤ ስለ ኩበት ግን ምንም። ተውኩትና የአሻራውን ሐሳብ ያመነጩት ተመራማሪዎች ሪስና ዋከርናገል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባቀረቡት ዘዴ ራሴ በኤክሴል ሠራሁት። እርሻውን፣ ግጦሹን፣ ደኑን፣ ቤት ያረፈበትን መሬትና ካርቦኑን ለመምጠጥ የሚያስፈልገውን መሬት ወደ ግሎባል ሄክታር (ምርታማነቱ በዓለም አማካይ ወደሆነ ሄክታር) ቀየርኩ።

ውጤቱ በጣም ትንሽ ሆነ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው መሬቱ ደህና ነው ይላል። ግን አይደለም! ማሳ መግባት የነበረበት ፍግ ምድጃ ይገባል። ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፣ አፈሩም እየሳሳ ነው። ይህን ገበሬዎቹ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ሌላ ማገዶ ስለቸገራቸው ነው እንጂ።

ኩበቱን በግጦሽ መሬት ላስላው ብል ከብቶቹ የበሉት ሣር ቀድሞ ተቆጥሯል፤ ድርብ ቆጠራ ይሆናል። ያንኑ ያህል ሙቀት በሚሰጥ እንጨት ብተካው ደግሞ ያልተቆረጠ ዛፍ እንደተቆረጠ መቁጠር ነው። አማካሪዬ ኩበቱን እንድተወው ነግረውኛል፤ ልቤ ግን እሺ አላለኝም፤ የዚህ አገር ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና።

እና በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ንገሩኝ፦ የናይትሮጅኑን ኪሳራ ከአሻራው ውጭ ለብቻው በኪሎ ላቅርበው ወይስ ሳይደገም ግሎባል ሄክታሩ ውስጥ የሚገባበት መንገድ አለ?