ሊኔያ የሚለው የስዊድን ስም ከየት መጣ?

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ብርሃን
እህቴ ጎተንበርግ ወልዳ ልጇን ሊኔያ ብላታለች። ባሏ ስዊድናዊ ነው፤ ስሙንም ያወጣችው አማቷ ናት። እናቴ መሐል ሜዳ ሆና ለባና የሚሆን የበግ ፀጉር ስትፈትል በስልክ ሰማች፤ ከዚያ ወዲህ እረፍት የለኝም። «የማን ስም ነው? ትርጉም አለው ወይስ ዝም ብሎ ድምፅ ነው?» ትለኛለች። ጎረቤት ሲጠይቃት «ልጅቱ ደህና ናት» ብላ ታልፋለች። ትርጉሙን ያላወቀችውን ስም አትጠራም። እዚያ አገር የተለመደ ስም ነው?

ጡረተኛው መምህር፣ ደብረ ሲና
እናትሽን አይዞሽ በያት፤ የአበባ ስም ነው። በሰሜን አገሮች ደን ውስጥ መሬት ለመሬት የሚሳብ ተክል አለ። ቀጭን አገዳው ጫፉ ላይ ለሁለት ይከፈልና ከእያንዳንዱ ቅርንጫፍ እንደ ቃጭል ያለች ሮዝ አበባ ቁልቁል ትንጠለጠላለች። አበባዋ የተሰየመችው በዕፅዋት ሊቁ በካርል ሊኔየስ ስም ነው። ጤፋችንን የዓለም ሊቃውንት «ኤራግሮስቲስ ቴፍ» ብለው በሁለት ቃል የሚጠሩት እሱ ባስፋፋው ሥርዓት ነው። አበባዋን እጅግ ይወዳት ስለነበር በሥዕሎቹ ላይ ይዟት ይታያል።

እኔን የሚገርመኝ ግን የአባቱ ነገር ነው። ኒልስ የኢንገማር ልጅ እየተባለ እንደ እኛው በአባቱ ስም ይጠራ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የቤተሰብ ስም አስፈለገውና በርስታቸው ላይ ከቆመው ሊንድ ከሚሉት ትልቅ ዛፍ ሊኔየስ የሚለውን አወጣ። ከዛፍ ወደ ቤተሰብ፣ ከሰው ወደ አበባ፣ ከአበባ ወደ ሴት ልጅ! እንዲህ የዞረ ስም ብዙ አላውቅም።

የአንኮበሯ፣ ኡፕሳላ
የሊኔየስ መቃብር እኔ በምኖርበት ከተማ ካቴድራል ውስጥ ነው። ሊኔያ የሚለው ስም ለሴት ልጅ መውጣት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ሲሆን ዛሬ ከስዊድን ሴቶች እጅግ የተለመዱ ስሞች አንዱ ነው። ብዙዎቹ ግን ሁለተኛ ስም አድርገው ነው የሚይዙት። እዚህ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ስም ይኖረውና የሚጠራው በአንዱ ነው፤ እኛም የቤትና የክርስትና ስም ስላለን አይደንቀንም። ስትጠሩት «ኔ» ላይ ረገጥ አድርጉ። በስዊድን ቀን መቁጠሪያ ደግሞ እያንዳንዱ ስም የራሱ ቀን አለው፤ የሊኔያ ሜይ 13 ነው።

ጡረተኛው መምህር፣ ደብረ ሲና
ግንቦት 5 ማለት ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው በያት!

የይፋቱ
ይህን ሁሉ ከምትዞሩ ጽጌ ብትሏት ምን ነበረበት?

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ብርሃን
ጽጌ የእናቴ ምራት ስም ነው፤ ተወው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ስትሰማ እልል አለች። አሁን ደግሞ ጥያቄው ወደ ዛፉ ዞሯል፤ «ፍሬው ይበላል?» ትላለች።

የአንኮበሯ፣ ኡፕሳላ
ፍሬውን አንበላም፤ አበባውን ግን አድርቀን እንደ ሻይ እናፈላዋለን። ለጉንፋን ብላ አማቴ ሁልጊዜ ታስቀምጣለች።